መኪናም ቤትም፦ ውስጧ የሚታደርባት መኪና ታሪክና የምርጫው ነገር

የከተማ ልጅ ሁለት ሕልም አለው፤ ቤትና መኪና። የቤቱ ሕልም በየዓመቱ እየራቀ ሲሄድ፣ የመኪናውም ዋጋ ተከትሎት ሲከንፍ፣ አንዳንዶቻችን ሁለቱን አጋብተን አንድ ሕልም ማድረግ ጀምረናል። «ለምን አንድ ያገለገለች ሰፋ ያለች መኪና ገዝተን፣ ፍራሽ አንጥፈንባት፣ ቅዳሜና እሑድ ላንጋኖ፣ ረዘም ሲል ደግሞ ባሌ አንሄድባትም?» የሚል ጨዋታ ቡና በተጠጣበት ሁሉ ይነሣል። ጨዋታው ደስ ይላል። ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ የትኛዋን?

ለዚህ ጥያቄ ደላላ ሁልጊዜ መልስ አለው። «ይቺ ለአንተ ናት!» እኛ ግን ደላሎች ስላልሆንን መልሱን ፍለጋ የሄድነው ወደ ታሪክ ነው። ሰው መኪና ውስጥ ማደር ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ የትኛው መኪና ለእንቅልፍ እንደሚመች፣ የትኛው ደግሞ የተኛውን ሰው እንደሚገድል ብዙ ተሞክሯል። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ደላላ ፊት ሲቆም ባዶ እጁን አይቆምም። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናቸዋል፤ ከልሱልን እንዳትሉን።)

ሰፈር ማለት ምን ማለት ነበር?

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። «ካምፒንግ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው የገዛ ከተማውን ስም አልሰማም። «ሰፈር» የሚለው ቃላችን «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ድንኳን ተክሎ ማረፍ ማለት ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየጉብታው ሰፈሩ፤ ድንኳኑ ጎጆ ሆነ፣ ጎጆው ቤት ሆነ፣ ስሙ ግን ቀረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራው ሁሉ የካምፕ ትዝታ ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ዋና ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ነበር። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣውና ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል። ድንኳኖቹ የትም ቢተከሉ ሥርዓታቸው አንድ ነበር፤ የንጉሡ ድንኳን የት እንደሚሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል፣ ገበያው በየት በኩል እንደሚውል ሁሉም ያውቀዋል። ከተማው ተነቅሎ ሲሄድ የሚጓጓዘው ግን በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር። ሞተር የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችውና ዳግማዊ ምኒልክ የተሳፈሩባት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንደ አውሮፓውያኑ 1907/08 መሆኑ ነው። ያመጣት ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን ከጅቡቲ ተነሥቶ መንገድ በሌለበት ነው የመጣው። እንዲህ ባለ ጉዞ የምሽቱ ማረፊያ የት ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ቆርቆሮዎቹ

መኪና ውስጥ ማደርን የብዙ ሰው ልማድ ያደረገው ግን የአሜሪካው ፎርድ ሞዴል ቲ ነው። በ1908 ሲጀመር ውድ ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ግን ዋጋው ከ300 ዶላር በታች ወረደ። ማምረቱ በ1927 እስኪቆም 15 ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ገበሬውም ጸሐፊውም አናጢውም መኪና ያዘ፤ ሁለተኛ እጅ ከሆነማ የቀን ሠራተኛም ይገዛው ጀመር።

ባለ ፋብሪካው ሄንሪ ፎርድ ራሱ ካምፕ ወዳድ ነበር። ከፈጣሪው ቶማስ ኤዲሰን፣ ከጎማ ባለሀብቱ ሃርቪ ፋየርስቶንና ከተፈጥሮ ጸሐፊው ጆን በሮውዝ ጋር ሆኖ ከ1910ዎቹ አጋማሽ እስከ 1924 ድረስ በየበጋው ድንኳንና ወጥ ቤት በመኪና ጭኖ ይወጣ ነበር። በ1921 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ እንኳን አብሯቸው አድሯል። ራሳቸውን «ዘላኖቹ» ይሉ ነበር። ምግብ አብሳይና አሽከር ያስከተለ ዘላን አይተን ባናውቅም፣ ጋዜጠኛ ተከትሏቸው ስለነበር ወሬው አገር አዳረሰ።

ተራው ሕዝብ ደግሞ በራሱ መንገድ ወጣ። በ1919 ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በመኪናቸው የሚያድሩ ተጓዦች ማኅበር መሠረቱ፤ «የቆርቆሮ ቱሪስቶች» ተባሉ። ምልክታቸው መኪናቸው አፍንጫ ላይ፣ ራዲያተሩ ክዳን ላይ የሚበየድ ባዶ የታሸገ ምግብ ጣሳ ነበር። ከተሞችም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ነጻ የማደሪያ ሜዳ አዘጋጁላቸው፤ ተጓዥ ዳቦና ቤንዚን ይገዛላ! ትንሽ ቆይተው ግን ሜዳው ላይ ድሆችም እንደሚያድሩ አዩ። ወዲያው ክፍያ ተጀመረ። የክፍያው ዋና ዓላማ ገንዘቡ አልነበረም፤ የማይፈለገውን ሰው ማራቅ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

1936፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓይነት እንቅልፍ

በ1936 ናሽ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ አንድ አዲስ ነገር አወጣ፤ አልጋ የሚሆን መኪና። የኋላ ወንበሩ ይነሣና ከዕቃ መጫኛው ጋር ይገናኛል፣ እግርህን ወደዚያ ዘርግተህ ትተኛለህ። አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ወደዱት፣ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ነጋዴዎችም የሆቴል ወጪ አዳነላቸው። ለእንቅልፍ ተብሎ የተሸጠ ተራ የቤት መኪና ሲነሣ እስከ ዛሬ ስሙ ይጠቀሳል።

በዚያው ዓመት፣ በየካቲት፣ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ጄምስ ዴቪስ ከመቶ በላይ ፖሊሶችን ወደ ካሊፎርኒያ ግዛት ድንበር ላከ። ሥራቸው አሮጌ መኪና ላይ ፍራሽና ድስት ጭነው የሚመጡትን ማስቆምና «ገንዘብና ሥራ የላችሁም» እያሉ መመለስ ነበር። እነዚህ ሰዎች ድርቅ፣ አቧራና የባንክ ዕዳ ከመሬታቸው የነቀላቸው የኦክላሆማ፣ የአርካንሳስና የቴክሳስ ገበሬዎች ነበሩ። እነሱም መኪና ውስጥ ነው የሚያድሩት። ፍራሹም ያው ፍራሽ፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው። አንዱ ግን ቱሪስት ተባለ፣ ሌላው ዱርዬ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኤድዋርድስ የሚባል የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሥራ ያጣ የሚስቱን ወንድም ከቴክሳስ በመኪናው ስላመጣ ብቻ ተከሶ ተፈረደበት፤ ድሃ ወደ ግዛቱ ማስገባት በሕግ ወንጀል ነበርና። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1941 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሕጉን ሻሩት።

ጆን ስታይንቤክ በ1939 ባሳተመው «የቁጣ ወይን» በተባለው ልቦለዱ የእነዚህን ስደተኞች ነገር ሲጽፍ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠው ለአሮጌ መኪና ሻጮች ነው። የሚያጓራ ካምቢዮ ድምፁ እንዲጠፋ የእንጨት ብናኝ ይጨመርበታል፤ ገዢው የሚያውቀው ከከተማ ከወጣ በኋላ ነው። የዘንድሮ ደላላ ኪሎ ሜትር ሲመልስ አዲስ ነገር የፈጠረ ይመስለው ይሆናል። የለም፤ ሙያው ጥንታዊ ነው።

ትሬንታ ኳትሮ

1936 ለእኛም ክፉ ዓመት ነበር። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያ ዓመት ግንቦት ነው። ጦሩን ከጫኑት መኪናዎች አንዱ ፊያት 634 ነበር፤ ከ1931 ጀምሮ የተሠራ ከባድ የናፍታ ጭነት መኪና። በጣልያንኛ 34 «ትሬንታ ኳትሮ» ነውና ስሙ በሀገራችን እንደዚያው ቀረ። ጋቢናው ውስጥ ለሾፌር አልጋ ከተገጠመላቸው ቀዳሚ የአውሮፓ የጭነት መኪናዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ «አልጋ ያለው መኪና» ወደዚህ አገር በሽርሽር አልመጣም፤ በወረራ ነው የመጣው።

ወራሪው በ1941 ተባረረ፤ መኪናውና ቃላቱ ግን ቀሩ። ጋቢና፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ፣ ሊብሬ… ዛሬም መካኒክ ዘንድ ስንሄድ ግማሹን የምናወራው በጣልያንኛ ነው። ከዚያ በኋላ እነ «ኤን ትሬ» መጡ፣ የአሰብና የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮችም ሕይወታቸውን ጋቢና ውስጥ አሳለፉ። ሾፌሩ ጋቢና፣ ረዳቱ ጭነቱ ላይ ወይም ጎማው ሥር። ካምፒንግ ይሉታል? አይሉትም። ሥራ ነው የሚሉት። ግን በዚህ አገር መኪና ውስጥ ስለማደር የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ከመፈለግ በፊት አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሻይ ጋብዙ።

ከማስታወሻ ደብተር የወጣው ቮልስ

አሁን ወደ ዋናዋ እንምጣ። መኪና ውስጥ ስለማደር ሲነሣ ዓለም ሁሉ የሚያስባት ያቺ ክብ ፊት ያላት፣ ባለ ሁለት ቀለም፣ የቮልስዋገን አውቶቡስ ናት። አዲስ አበባ በፍቅር «ቮልስ» እያለች የምትጠራት ጥንዚዛ መሳይ መኪና እህት ናት።

ከጦርነቱ በኋላ የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ በእንግሊዝ ጦር እጅ ነበር። አስተዳዳሪው ሻለቃ አይቫን ሄርስት ነበር። ቤን ፖን የሚባል የሆላንድ መኪና አስመጪ ፋብሪካውን ሲጎበኝ ሠራተኞቹ ዕቃ የሚያመላልሱባት አንዲት ጠፍጣፋ የቤት ሥራ ጋሪ አየ፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ሾፌሩም ከኋላ። ሚያዝያ 1947 ላይ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ሣጥን መሰል መኪና ሣለ፤ ሾፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ መካከሉ ለጭነት፣ የመጫን አቅሙ 750 ኪሎ። ሣጥኗ በዚህ ተጀመረች።

የመጀመሪያው ናሙና በ1949 ሲሞከር ወደቀ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የትንሿን ቮልስ ሻንሲ እንዳለ ወስደው የጭነት አካል ጫኑበት፣ ሻንሲው አልቻለም። መሐንዲሶቹ ተመልሰው ወለሉንና አካሉን አንድ ላይ አጠንክረው ሠሩት። መጋቢት 1950 ላይ ፋብሪካው ማምረት ጀመረ። ጉልበቷ 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ አስቡት!

አልጋው የመጣው ከሌላ ቤት ነው። ቬስትፋሊያ የሚባል፣ በ1844 የተመሠረተ የሠረገላ ሠሪ ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ «የካምፒንግ ሣጥን» ሠራ። ሣጥኑ ምን ነበር? ቁም ሣጥንም ወንበርም አልጋም የሚሆን፣ ተገጥሞ የሚነቀል የእንጨት ዕቃ። ብልኃቱ መነቀሉ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለ ሱቁ ድንቹንና ዱቄቱን ይጭንባታል፤ ቅዳሜ ሣጥኑን ይገጥምና ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። ከጦርነት ገና ለተነሣ ጀርመናዊ ሁለት መኪና መግዛት የማይታሰብ ነበርና አንዷ ሁለቱንም ሠራች።

ቀጥላ አሜሪካ ገባች። በ1964 አሜሪካ ከአውሮፓ ጋር በዶሮ ሥጋ ቀረጥ ተጣልታ (በእውነት በዶሮ!) በቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ስትጥል የቮልስዋገን የጭነት ዓይነቶች ከገበያው ሊጠፉ ደረሱ፤ ባለ መስኮትና ባለ ወንበሮቹ ግን የሰው ማጓጓዣ ተብለው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ዋጋዋ ወርዶ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ስትሆን የዚያ ዘመን ወጣቶች ገዟት፣ አበባ ሣሉባት፣ ከአውሮፓ ተነሥተው በቱርክ፣ በኢራን፣ በአፍጋኒስታን አድርገው ሕንድና ኔፓል ድረስ ነዷት። መንገዱ የተዘጋው በ1979 ነው፤ የኢራን አብዮትና የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን መግባት በአንድ ዓመት ውስጥ መጡ።

መኪናዋ ግን ቀጠለች። በ1967 ሁለተኛው ትውልድ፣ በ1979 ሦስተኛው፣ በ1990 ደግሞ ሞተሩ ወደ ፊት የዞረው አራተኛው መጣ። ብራዚል ውስጥ የአሮጌው ዓይነት እስከ 2013 መጨረሻ ይሠራ ነበር፤ ያስቆመው የአየር ከረጢትና የማያንሸራትት ፍሬን ግድ የሚል ሕግ ነው። ዛሬ የ1960ዎቹ ባለ ብዙ መስኮቷ በጨረታ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ የወጣችበት ጊዜ አለ። የድሃ መኪና የነበረችው የሀብታም ጌጥ ሆናለች ማለት ነው።

የማይነገረውም ይነገር። የአሮጌዋ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ክረምት ላይ ለተሳፋሪው የሚገባው ሙቀትም በጭስ ማውጫው ዙሪያ ተሞቆ የሚመጣ አየር ነው። ማሞቂያው ዝጎ ከተበሳ ከሙቀቱ ጋር ጭሱም ይገባል። ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ሁለተኛው ጣጣዋ የነዳጅ ቱቦ ነው፤ ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቅና የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። በየመንገዱ ተቃጥለው የቀሩት ጥቂት አይደሉም። ሦስተኛው ዝገት ነው፤ ከአልጋው ሥር፣ ከመታጠቢያው ሥር፣ ከጣሪያው ጠርዝ። በፎቶ አይታይም።

ጃፓኖቹ

ቶዮታ ሃያስ በ1967 መጣች። እኛ አገር ያው ታክሲ ናት፤ ዶልፊን፣ አባዱላ እያልን ስም ያወጣንላት። ሞተሯ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወለል ረጅምና ነጻ ነው። የመኝታ መኪና ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ጉድለቷም ከዚያው ይመጣል፤ ከፊት የሚጋጭ ነገር ካለ በሾፌሩ ጉልበትና በግጭቱ መካከል ብዙ ብረት የለም።

ላንድክሩዘር ከ1951 ጀምሮ አለ። ረጅሙ ሃርድቶፕ፣ በየክፍለ ሀገሩ አምቡላንስና የእርዳታ ድርጅት መኪና ሆኖ የምናውቀው፣ አፍሪካን በመኪና ለሚያቋርጡ ሰዎች የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ ቆይቷል። ሻንሲው ከአካሉ የተለየ ስለሆነ ጭነትና ኮረኮንች ይችላል። በልቡ ግን ጠባብ ነው፤ ነዳጁም ኪስ ያደርቃል።

ማዝዳ ደግሞ በ1995 ቦንጎ ፍሬንዲን አወጣ፤ ጣሪያው በቁልፍ ተነሥቶ ሁለተኛ አልጋ ይሆናል። ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ከባድና ውድ ምርመራ አለበት። ስለዚህ ባለቤቱ ገና ደኅና የሆነችውን መኪና ይሸጣታል፣ መርከብ ትሳፈራለች፣ ሌላ አገር ሁለተኛ ሕይወት ትጀምራለች። በዚህ መንገድ ብዙ ቦንጎዎች እንግሊዝ ገብተው የካምፕ መኪና ሆኑ። ወደ እኛ ግን እንዳለች ልምጣ ብትል ችግር አለባት። ኢትዮጵያ በ1964 ወደ ቀኝ መንዳት ዞራለች፤ የቦንጎ ተንሸራታች በር ያለው በግራ በኩል ነው። መንገድ ዳር ስትቆም በሩ የሚከፈተው በሚያልፉት መኪናዎች ፊት ነው። ሌሊት እንቅልፍ እየጎተታችሁ ከአልጋ ስትወርዱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ታሪኩ እንዲህ የሚል ይመስለናል።

አንደኛ፦ የሥራ መኪና ምረጡ። ከፎርድ እስከ ሃያስ ዘላቂ ሆነው የተገኙት ለጭነትና ለሥራ የተሠሩ መኪናዎች ናቸው። የ1949ኙን የወደቀ ናሙና አስታውሱ። አልጋ፣ ጣውላ፣ ምድጃ፣ ዕቃ፣ ሁለት ሰው… ውኃ ብቻውን 40 ሊትር 40 ኪሎ ነው። ትንሽ የቤት መኪና ላይ ይህን ሁሉ ጭናችሁ ትርፉን ፖርቶመጋላ ላይ ብታስሩት፣ ኩርባ ላይ ዋጋ ያስከፍላችኋል።

ሁለተኛ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ተኙባት። አትሣቁ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው እግሩን ዘርግቶ ለመተኛት 1 ሜትር ከ90 ያህል ደልዳላ ወለል ይፈልጋል። ወንበር ተዘርግቶ «አልጋ ይሆናል» የሚባለው ላይ አሥር ደቂቃ በጀርባችሁ ቆዩ። ወገባችሁ ይመሰክራል።

ሦስተኛ፦ ፍራሹን አንሡ። ምንጣፉንም አንሡ። ዝገት ሁልጊዜ የሚደበቀው ለስላሳ ነገር ሥር ነው። የፍሬንና የነዳጅ መስጫ ፔዳሉን ጎማም እዩ፤ ሰዓቱ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር እያለ ፔዳሉ ልሙጥ ከሆነ አንዱ ይዋሻል፣ የሚዋሸው ደግሞ ፔዳሉ አይደለም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

አራተኛ፦ እንደ 1951ዱ ሣጥን የሚነቀል አልጋ አሠሩ። የሰፈራችሁ አናጢ ይሠራዋል። ወንበር ነቅሎ በቋሚነት መቀየር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ያጣላችኋል፤ መንገድ ትራንስፖርት ሳይጠየቅ የሚደረግ ነገር አይደለም። የሚነቀለው ግን ቅዳሜ አልጋ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ማታ ማታ ልትሸጧት ብትፈልጉም መኪናዋ ያው መኪና ናት። ውሉን ስትፈርሙም የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን፣ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኗን አረጋግጡ።

አምስተኛ፦ ስለ አየር አስቡ። ሁለት ሰው ሌሊቱን የሚተነፍሰው እርጥበት ጠዋት መስኮቱ ላይ ውኃ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ስለዚህ ሁለት መስኮት በተለያየ አቅጣጫ ትንሽ ይከፈት። አዋሽና ላንጋኖ ከሆነ መስኮቱ የወባ ትንኝ መረብ ይልበስ። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለው ሳነቴ ላይ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። ብርዱ ምንም ቢጠና ግን ከሰል ማንደጃ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሞተር አስነሥቶ መተኛትም የለም። ተዘግቶ የነደደ ከሰል በየቤቱ ስንት ሰው እንደወሰደ ሁላችንም እናውቃለን፤ መኪና ደግሞ ከቤት በጣም ትጠባለች።

ስድስተኛ፦ መንገድ ላይ ያለው ጎሚስታና መካኒክ የሚያውቃትን ግዙ። ቬስትፋሊያ ውብ ናት፤ ዝዋይ ላይ ብትቆም ግን መለዋወጫዋ የሚመጣው በአውሮፕላን ነው። የሃያስ ግን መርካቶ ሞልቷል።

እዚህ ላይ የዘመናችን ነገር ይጨመርበት። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቤንዚን የምትጠጣ ያገለገለች መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው በአብዛኛው አገር ውስጥ ያለው ነው፤ ባለቤቶቹም ያውቁታል፣ ዋጋውም ያውቀዋል። የኤሌክትሪኮቹ ደግሞ ለእንቅልፍ አንድ ትልቅ ጸጋ አላቸው፤ ያለ ጭስ ያሞቃሉ። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚያድር ሰው ግን ቻርጅ ማድረጊያው ነገር ከመኪናው በፊት መታሰብ አለበት።

ስለዚህ የእኛ ምክር ተጠቃልሎ ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው ከሆናችሁና መንገዳችሁ አስፋልት ከሆነ ወለሏ ያልዛገ ሃያስ፣ መንገዳችሁ ተራራና ጭቃ ከሆነና ኪሳችሁ ከቻለ ረጅሙ ሃርድቶፕ። ካልቻላችሁ? አንድ ድንኳን፣ ሁለት ብርድ ልብስና የጓደኛ መኪና። ቅድመ አያቶቻችን ከተማ የቆረቆሩት ከዚህ ባነሰ ነው።

የመጨረሻው ነገር በይደር ያስያዝናችሁ ነው። በ2011 አካባቢ በማኅበራዊ ሚዲያ «የመኪና ኑሮ» ፋሽን ሆነ፤ በር ተከፍቶ ባሕር የሚታይበት አልጋ፣ ቡና፣ ፀሐይ። በ2017 ደግሞ ጋዜጠኛዋ ጄሲካ ብሩደር «ኖማድላንድ» የሚል መጽሐፍ አወጣች። የጡረታ ገንዘባቸው ኪራይ ስላልቻለላቸው መኪና ውስጥ እየኖሩ ከመጋዘን መጋዘን፣ ከእርሻ እርሻ ለሥራ የሚዞሩ አሜሪካውያን አዛውንቶችን ነገር ነው የጻፈችው። ፊልም ሆኖም በ2021 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር አገኘ። በ2024 ሰኔ ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሞች ከቤት ውጪ በአደባባይ የሚያድሩ ሰዎችን መቅጣት እንደሚችሉ ወሰነ። በ1920ዎቹ ሜዳው ላይ የተጀመረችው ክፍያና በ1936 ድንበር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ዘመድ ያላቸው ይመስላል።

እኛም ጋ ቢሆን አንድ ቀን የምናቆማት መኪና አጠገብ አንድ ሰው አድሮ እናገኛለን። ሾፌር ይሆናል፣ ረዳት ይሆናል፣ ወይም ኪራይ የበዛበት ሰው። እኛ ስናድር «ካምፕ»፣ እሱ ሲያድር «ችግር» ከምንል፣ ጠዋት ቡናው ሲፈላ አንድ ስኒ ብናካፍለው ጥሩ ነው። የመንገዱን ነገርም ከእኛ የተሻለ እሱ ያውቃል፤ ውኃ የት እንዳለ፣ ጅብ የት እንደሚበዛ፣ የትኛው ማደያ ጥበቃው ደግ እንደሆነ።

መልካም መንገድ፤ መልካም እንቅልፍ!